ጀርባ ለፀሐይ፣ ገጽ ለጥላ፦ የቤተ መጻሕፍትን ውስጥ በካርቶን ሞዴል መፈተሽ

በኅዳር ጧት ደብረ ብርሃን የነበረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ሌሊት ሣሩ ላይ የጣለው ውርጭ ገና አልቀለጠም። ሰዉ ግን ወጥቶ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ይዟል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሞቃል። ከመካከላቸው አንዲት ተማሪ ከሌሎቹ በተቃራኒ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋ ወደ ፀሐይ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን በራሷ ጥላ ውስጥ ይዛ ታነባለች። ጀርባዋ ይሞቃል፤ ገጹ ዓይኗን አይወጋትም።

ቤተ መጻሕፍት ንደፍ ስባል መጀመሪያ የማስበው ያችን ድንጋይ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ከእሷ በኋላ ይመጣል።

ያችን ድንጋይ ግን ፕላን ላይ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ፕላን የሚታየው ከላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከላይ ሆኖ የሚኖር ሰው የለም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው የሚያምር ሥዕልም ብዙ ጊዜ የሚያሳየን አስቀድመን የወሰንነውን ነው። ካርቶን ያላሰብነውን ያሳያል። ስለዚህ የአንዲት አነስተኛ ቤተ መጻሕፍትን ውስጥ በሐሳብ ሞዴል እንዴት እንደምትፈትሹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳያችሁ። ለአርክቴክቸር ተማሪ ይሆናል። ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላይ ለሰፈር ልጆች ማንበቢያ ለመሥራት ለሚያስብ ኮሚቴም ይሆናል። ሥዕል መቻል አያስፈልግም።

የሐሳብ ሞዴል ስል ዛፍና መኪና ተደርድሮበት በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ማለቴ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ፣ ሲያስፈልግ ሳያሳዝን የሚቀደድ ነገር ነው። በአንድ ሥራ ላይ አሥርና አሥራ አምስት ልትሠሩ ትችላላችሁ። አንድ ብቻ ሠርታችሁ በጣም ካማረላችሁ ያ መጥፎ ምልክት ነው፤ ለመቀየር እጃችሁ ይሳሳል።

1ኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን ካርቶኑ ላይ ጻፉት

ካተር ከማንሳታችሁ በፊት የሞዴሉ ወለል በሚሆነው ካርቶን ጀርባ ላይ አንድ ጥያቄ በእስክሪብቶ ጻፉ። “ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይምሰል?” የሚል ጥያቄ አይሆንም፤ በጣም ሰፊ ነው። “በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ የት ላይ ታርፋለች?” ጥሩ ጥያቄ ነው። “የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ካለበት ሳይነሣ ልጆቹን ያያል ወይ?” ይህም ጥሩ ነው። መልሱን ስታገኙ እዚያው ከሥሩ ጻፉትና ቀን አድርጉበት። ከሳምንት በኋላ ለምን እንደዚያ እንደወሰናችሁ መርሳታችሁ አይቀርም።

2ኛ ደረጃ፦ ዕቃና ስኬል

ዕቃው ቀላል ነው። ከሰፈር ሱቅ የተለመነ የፓስታ ወይም የብስኩት ካርቶን፣ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ኮላ፣ ስፒል፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ፕላስተር፣ ስቴኪኒ፣ አሥር ያህል ባዶ የክብሪት ቀፎ። ፎም ቦርድ (ለሞዴል የሚሆን ቀላል ሰሌዳ) ካገኛችሁ መልካም፤ ካላገኛችሁ ምንም አይጎድልባችሁም። ስትቆርጡ ካተሩን በአንድ ጊዜ በኃይል አትጫኑት። ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ መልሱበት። ካርቶኑም ጣታችሁም ይተርፋል።

ሁለት ስኬል ብቻ እንጠቀም። ለአደራደር 1፡50፣ ለብርሃን 1፡20። በ1፡50 አንድ ሜትር 2 ሴ.ሜ. ይሆናል። በ1፡20 ደግሞ 5 ሴ.ሜ.። እንደ ምሳሌ የምንይዛት ክፍል 9 ሜትር በ12 ሜትር ትሁን። በ1፡50 ከ18 በ24 ሴ.ሜ. አትበልጥም፤ በአንድ እጅ ትያዛለች። በ1፡20 ግን 45 በ60 ሴ.ሜ. ትሆንና ዓይናችሁን አስገብታችሁ የምታዩባት ቤት ትወጣችኋለች።

ሰው ሳትቆርጡ ሥራ አትጀምሩ። አንዱን የቆመ፣ አንዱን የተቀመጠ አድርጋችሁ በወረቀት ቁረጡት። የቆመ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.6 ሜትር ላይ፣ የተቀመጠ ደግሞ 1.2 ሜትር ላይ ነው በሉ። እኛ አገር ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሰውዬውን ወፈር አድርጉት። ደብረ ብርሃን ላይ አንባቢ ጋቢ ወይም ካፖርት ለብሶ ነው የሚቀመጠው። ለአንድ ሰው 60 ሴ.ሜ. የጠረጴዛ ስፋት ይበቃል የሚለውን ልማድ እኔ እዚህ ወደ 75 አሳድገዋለሁ። ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

3ኛ ደረጃ፦ ከአንድ መቀመጫ ጀምሩ

የመጀመሪያው ሞዴል ሕንፃ የለውም። አንድ ሰው፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ መስኮት ብቻ። በ1፡20 ሥሩት።

በመንዝና በአካባቢው የድንጋይ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚወፍር ታውቃላችሁ። 50 ሴ.ሜ. እንበል። በሞዴሉ 2.5 ሴ.ሜ. ማለት ነው። አንድ ንጣፍ ካርቶን ስለማይበቃ አምስት ስድስት ንጣፍ ደራርባችሁ አጣብቁ። አደራችሁን ይህን አትዝለሉት። ግድግዳን በአንድ ስስ ካርቶን የሚሠራ ሰው ግድግዳ መስመር ይመስለዋል። ሲደርበው ግን ውፍረቱ ራሱ ቦታ እንደሆነ ያያል። ሰው ሊቀመጥበት ይችላል፤ መጽሐፍ ሊገባበት ይችላል።

ከዚያ ከመስኮቱ ሥር መደብ ሥሩ። ከፍታው 40 ሴ.ሜ. (በሞዴሉ 2)፣ ስፋቱ 60 ሴ.ሜ. (በሞዴሉ 3)። የመስኮቱ ደፍ 80 ሴ.ሜ. ላይ ይጀምር፤ አናቱ 2.1 ሜትር ላይ ያልቅ። አሁን የወረቀቱን ሰው መደቡ ላይ አስቀምጡት። ጀርባውን ለመስኮቱ ስጡት። ከዚያ አዙሩት፣ ፊቱን ለመስኮቱ። ከዚያ ጎኑን። ሦስቱንም ጎንበስ ብላችሁ በሞዴሉ ወለል ልክ እዩ። የትኛው ላይ ብትቀመጡ ሁለት ሰዓት ሳትነሡ ታነባላችሁ? መልሳችሁን ያዙት። ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ የዚህን መቀመጫ ጥቅም ማስጠበቅ አለበት።

4ኛ ደረጃ፦ መጽሐፉ መሐል ነው ወይስ ሰዉ?

የቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የክብሪት ቀፎዎቹ የሚያስፈልጉትም እዚህ ነው።

አንድ የክብሪት ቀፎ 5 ሴ.ሜ. ርዝመት፣ 3.5 ቁመት፣ 1.5 ውፍረት ገደማ አለው። በ1፡50 ስታስቡት 2.5 ሜትር ርዝመት፣ 1.75 ሜትር ቁመት፣ 75 ሴ.ሜ. ውፍረት ይሆናል። ግራና ቀኝ መጽሐፍ የሚደረደርበት መደርደሪያ ማለት ነው፤ ቁመቱ ከሰው ብዙም አይበልጥም። አምስት አምስት ረድፍ ቢኖረው በሁለቱም በኩል 25 ሜትር መደርደሪያ ይወጣዋል። በሜትር 30 መጽሐፍ ብናስብ ከ700 በላይ መጽሐፍ ይይዛል። ያን ባዶ ቀፎ ስታነሡ 700 መጽሐፍ እያነሣችሁ ነው።

ክብደቱንም አስቡት። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንዱ ቀፎ እንግዲህ 7 ኩንታል ተኩል እህል ነው። አሥሩ 75 ኩንታል። ፎቅ ልሥራ ያላችሁ እንደሆነ መጽሐፉን ታች፣ ሰዉን ላይ አድርጉ።

አሁን 18 በ24 በሆነው ወለል ላይ ቀፎዎቹን ሳታጣብቁ ሦስት ዓይነት ደርድሩ። ለእያንዳንዱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትስጡ። በመደርደሪያዎቹ መካከል ቢያንስ 2 ሴ.ሜ. ተዉ፤ በእውነቱ አንድ ሜትር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ አንባቢ እንዲያልፍና እንዲዞር 3 ብትሰጡ ይሻላል።

የመጀመሪያው አደራደር መጽሐፉን መሐል፣ ሰዉን ዳር ያደርጋል። የአሜሪካው አርክቴክት ሉዊስ ካን በኒው ሃምፕሸር የሚገኘውን የኤክሰተር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የነደፈው በዚህ ሐሳብ ነው። መጻሕፍቱ ወደ ውስጥ ገብተዋል። የማንበቢያ ጠረጴዛዎቹ ከውጭው ግድግዳ ጋር፣ እያንዳንዱ ከትንሽ መስኮቱ ጋር ናቸው። ሰው መጽሐፉን ከጥላው ያነሣና ይዞት ወደ ብርሃን ይሄዳል።

ሁለተኛው ግልባጩ ነው። ሰዉ መሐል፣ መጽሐፉ ዙሪያውን። እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው የስቶክሆልም ከተማ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ነው። ትልቅ ክብ አዳራሽ አለው፤ ግድግዳውን ሦስት እርከን መደርደሪያ ይዞረዋል። ሰው ሲገባ በመጽሐፍ ይከበባል። ግርማ ሞገሱ ሌላ ነው። ግን አንባቢው ከመስኮት ይርቃል።

ሦስተኛው መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው ጀምሮ ወደ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መዘርጋት ነው። በሁለት መደርደሪያ መካከል አንዲት ጓዳ ትፈጠራለች። እያንዳንዷ ጓዳ መስኮት አላት።

እዚህ ላይ እኛ ሌላ አገር ሳንሄድ የምናውቀው አንድ አደራደር አለ። ክብ ቤተ ክርስቲያን። ከውጭ ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐል መቅደስ። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ድምፅም እርምጃም ይቀንሳል። በር የሚከለክል ሰው ባይኖር እንኳ ሰውነታችሁ ራሱ ያውቀዋል። ቤተ መጻሕፍትም ይህን ትምህርት ይፈልጋል፦ በሩ አካባቢ ወሬና ጋዜጣ፣ ቀጥሎ የልጆች ጥግ፣ ከሁሉም ጠልቆ ጸጥታ። ቅርጹን ግን እንዳለ አትቅዱት። መቅደስ ለሁሉም አይከፈትም፤ መጽሐፍ ለሁሉም መከፈት አለበት። የምትወስዱት ከጫጫታ ወደ ጸጥታ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነው።

የድሮ የብራና መጻሕፍት በማኅደር ሆነው ግድግዳ ላይ በተተከለ ችንካር ይንጠለጠሉ እንደነበርም አስታውሱ። መጽሐፍ ሁሉ የግድ መደርደሪያ ላይ መቆም የለበትም። ለልጆች ጥግ እኔ ሁልጊዜ አንድ የሚንጠለጠልበት ግድግዳ እሞክራለሁ። ሕፃን መጽሐፍን የሚመርጠው በሽፋኑ ነው፤ በጀርባው አይደለም።

ሦስቱን አደራደሮች ፎቶ አንሡ። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ወረቀት በሩ አጠገብ አቁሙና ዓይናችሁን በእሱ ልክ ዝቅ አድርጉ። አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚኖረው። የመጀመሪያው አደራደር የሚወድቀው እዚህ ነው፤ መሐል የቆመው መደርደሪያ ግማሹን ክፍል ይጋርድበታል። መፍትሔው መሐል ያሉትን ቀፎዎች አግድም ቆርጦ 1.2 ሜትር ማድረስ ነው፤ በሞዴሉ 2.4 ሴ.ሜ.። የቀረውን መጽሐፍ ወደ ግድግዳው ውፍረት አስገቡት። እኔ ለደብረ ብርሃን ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ቅልቅል ነው፦ መሐሉ ዝቅ ያለ መጽሐፍ፣ ዳሩ መደብና መስኮት።

5ኛ ደረጃ፦ ቤቱን እንደ ዳቦ ቁረጡት

የመረጣችሁትን አደራደር አሁን በመሐሉ ሰንጥቃችሁ ሥሩት። ግማሹ ብቻ ይቁም፤ የተቆረጠው ፊት ለእናንተ ይሁን። የሴክሽን ሞዴል የሚባለው ይህ ነው። በፕላን የማይታየው ከፍታ የሚገለጠው እዚህ ነው።

ጣሪያውን ሳታጣብቁ በስፒል ያዙትና ከፍ ዝቅ አድርጉት። በሩ ላይ 2.4 ሜትር፣ መሐሉ ላይ 4 ሜትር፣ መደቡ ላይ ተመልሶ 2.4 አድርጋችሁ ሞክሩ። ሰው ዝቅ ባለ ጣሪያ ሥር ሲቀመጥ ይረጋጋል። ብርድ ባለበት ከተማ ደግሞ ከፍ ያለ ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ላይ እንደሚወስድባችሁ አትርሱ። ለግርማ ብላችሁ ቤቱን ሁሉ 4 ሜትር አታድርጉት።

ወለሉንም ዝቅ ማድረግ ሞክሩ። ሦስት ደረጃ ብቻ ወርዶ የሚነበብበት ቦታ ያለ ግድግዳ ሁለት ክፍል ይፈጥራል። ግን ተሽከርካሪ ወንበር በየት ይወርዳል? መወጣጫው በሞዴሉ ላይ ካልተሠራ ሕንፃው ላይም አይሠራም።

6ኛ ደረጃ፦ ፀሐይዋን ጠይቋት

የምወደው ደረጃ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ተማሪ ሳለሁ የማነብበት አንድ አዳራሽ ነበር። ሰፋፊ መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ትገባለች። ነጩ ወረቀት ዓይን ያጠፋል። መጨረሻ ላይ ጋዜጣ በውኃ እያራስን መስታወቱ ላይ ለጠፍን። ብርሃን ይግባበት ተብሎ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መስኮት ተደፈነ። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተን አነበብን። ያንን ሕንፃ የነደፈው ሰው አንድ የካርቶን ሣጥን ይዞ ለአሥር ደቂቃ ደጅ ቢወጣ ኖሮ ያን ጋዜጣ አንለጥፍም ነበር።

ምክንያቱም ብርሃን ስኬል አያውቅም። ሙቀት በትንሽ ሞዴል አይለካም። የሕንፃ ጥንካሬም አይለካም። ብርሃን ግን በ60 ሴ.ሜ. ሣጥን ውስጥ የሚሠራው በ12 ሜትር ክፍል ውስጥ እንደሚሠራው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠብቃል። አንደኛ፣ የውስጡ ቀለም ከእውነተኛው ጋር ይቀራረብ። ግድግዳው ነጭ የሚቀባ ከሆነ ነጭ ወረቀት ለጥፉ፤ ጥቁር ድንጋይ ከሆነ ጠቆር ያለ ግራጫ። ሁለተኛ፣ በካርቶኑ መገጣጠሚያ ብርሃን አይሹለክ። ጠርዙን ሁሉ በጥቁር ፕላስተር እሸጉት።

ክፍሏን በ1፡20 ሥሩ፤ ከ3ኛው ደረጃ የመጣው ወፍራም ግድግዳና መደብ በደቡብ በኩል ይግባ። መደቡንም የወረቀቱንም ሰው አጣብቁ፤ ሞዴሉን ልናዘነብለው ነው። አንድ ነገር ይቀራል። የዛሬዋን ፀሐይ የሌላ ቀን ፀሐይ ማድረግ።

ከሞዴሉ ወለል ጋር ተያይዞ ወደ ውጭ የወጣ ጠፍጣፋ ካርቶን ተዉ። እሱ ላይ የሰሜን ደቡብ መስመር አስምሩ፤ የሞዴሉ ሰሜንና የካርቶኑ ሰሜን አንድ ይሁኑ። መስመሩ ላይ 5 ሴ.ሜ. ከወለሉ በላይ የሚቀር ስቴኪኒ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ከስቴኪኒው ሥር እየለካችሁ እነዚህን ነጥቦች አድርጉ።

ታኅሣሥ 12፣ ቀትር፦ ወደ ሰሜን 3.3 ሴ.ሜ.።
መጋቢት 12 እና መስከረም 12፣ ቀትር፦ ወደ ሰሜን 8.5 ሚ.ሜ.።
ሰኔ 14፣ ቀትር፦ ወደ ደቡብ 1.2 ሴ.ሜ.።
መጋቢት 12 እና መስከረም 12፣ ጧት 2 ሰዓት ከ20 ገደማ፦ ወደ ምዕራብ 8.8 ሴ.ሜ.፣ ከዚያ ወደ ሰሜን 8.5 ሚ.ሜ.። ከሰዓት 10 ሰዓት ከ20 ገደማ፦ ያው 8.8 ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን 8.5 ሚ.ሜ.።
ታኅሣሥ 12፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ከ20 ገደማ፦ 7.2 ሴ.ሜ.፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 52 ዲግሪ ዞሮ።

ቀትር ስል ሰዓታችሁ 6 ሲል ማለቴ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ፣ በእነዚህ ቀኖች ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን የምትደርሰው ከ6 ሰዓት ከሩብ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ነጥቦቹን ለደብረ ብርሃን አሰላሁዋቸው፤ ለሌላው የሰሜን ሸዋ ከተማም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን ሞዴሉን ይዛችሁ ደጅ ውጡ። ፀሐይ ትኑር እንጂ ሰዓቱ ምንም ይሁን። የስቴኪኒውን ጥላ ጫፍ እያያችሁ ሞዴሉን አዘንብሉት፣ አዙሩት። ጫፉ የታኅሣሥ ቀትር ነጥብ ላይ ሲያርፍ ጸጥ በሉና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የምታዩት የታኅሣሥ ቀትር ነው።

መደቡን እዩት። መስኮቱ 2.1 ሜትር ላይ ካለቀና ግድግዳው 50 ሴ.ሜ. ከወፈረ፣ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ መደቡ ላይ ከውስጠኛው የግድግዳ ፊት 60 ሴ.ሜ. ያህል ገብታ ትቆማለች። መደቡ ራሱ 60 ነው። የወረቀቱ ሰው ጀርባውን ለመስኮቱ ከሰጠ ትከሻው ላይ ብርሃን አለ፤ 40 ሴ.ሜ. ፈቀቅ አድርጎ የያዘው ገጽ ጥላ ውስጥ ነው። ያችን የኅዳር ተማሪ ቤት ውስጥ አስገባናት ማለት ነው። እዚህ ስደርስ እኔ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጠርቼ አሳያለሁ፤ ብቻዬን ማየት አይሆንልኝም።

ከዚያ ወደ ሰኔ 14 አዙሩት። ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ሆናለች። በደቡቡ መስኮት ምንም አይገባም። ለክረምቱ ብርሃን የሰሜን መስኮት እንደሚያስፈልጋችሁ ሞዴሉ ራሱ ይነግራችኋል። ከዚያ ወደ መስከረም ከሰዓት። የምዕራብ መስኮት ከከፈታችሁ ዝቅተኛዋ ፀሐይ ክፍሉን ሰንጥቃ ስትገባ ታያላችሁ። መጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ካረፈች ቀለማቸውን ትበላዋለች። በካርቶን ቁራጭ ጥላ ሥሩላትና ደግማችሁ ሞክሩ። እስክትቆም ድረስ ቁራጩን አስረዝሙት፤ ስንት እንደሆነም ጻፉት።

ስለ ጣሪያ መስኮት ልብ በሉ። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1935 ባለቀው የቪይፑሪ ከተማ (ያኔ ፊንላንድ፣ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ) ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ላይ 57 ጥልቅ ክብ መስኮቶች አድርጓል። ውስጡ ጥላ የሌለበት ልዝብ ብርሃን ነው። ብዙ ተማሪ ይህን አይቶ እዚህ ሊቀዳው ይፈልጋል። ነገር ግን በዚያ ከተማ ፀሐይ ከ53 ዲግሪ በላይ አትወጣም። ስለዚህ በጥልቁ ቀዳዳ በቀጥታ መግባት አትችልም። እኛ ዘንድ በሚያዝያ 7 እና በነሐሴ 22 አካባቢ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ያው ቀዳዳ እንደ ባትሪ መጽሐፉ ላይ ያበራል። ካላመናችሁ ሞዴሉ ጣሪያ ላይ አንድ ቀዳዳ ብሱና የስቴኪኒው ጥላ እስኪጠፋ አዘንብሉት።

ሸዋ ሮቢት ላይ የምትሠሩ ደግሞ ነጥቦቹን ተጠቀሙባቸው፤ ምኞቱን ግን ገልብጡት። ፀሐይዋ ያችው ናት። ቆላ ላይ ግን ማንም ጀርባውን ሊያሞቅ አይፈልግም። እዚያ የምትፈልጉት በስድስቱም ነጥብ ላይ ፀሐይ የማትነካው መደብ ነው።

በመጨረሻ ደመና ያለበት ቀን ጠብቁ። በክረምት አታጡም። ሞዴሉን ሳታዘነብሉ ሜዳ ላይ አስቀምጡት። ሐምሌ ላይ ክፍሉ መሐል ምን ያህል እንደሚጨልም የሚታየው ያን ቀን ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ዓይናችሁን አስገቡ

በሞዴሉ ግድግዳ ላይ የስልካችሁ ካሜራ የሚገባበት ቀዳዳ ብሱ። ከፍታው ከወለሉ 6 ሴ.ሜ. ይሁን፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። ሌላው በር አካባቢ በ8 ሴ.ሜ. ይሁን፤ ገና የገባ ሰው ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ብርሃን እንዳይገባ ጨርቅ ጠምጥሙ።

ስልክ ግን ያታልላል። ጨለማ ሲያይ ራሱ ያፈካዋል። ስለዚህ ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ተጭናችሁ ያዙና ብርሃኑን ቆልፉት፤ ሁሉንም ፎቶ በአንድ ልክ አንሡ። ያኔ ነው ጧትና ከሰዓትን ማወዳደር የምትችሉት። ፎቶዎቹን በተራ ስታዩ ከበሩ እስከ መደቡ ተራምዳችኋል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ፎቶ መደቡ ይታያል? ካልታየ አንባቢው መቀመጫውን ፍለጋ ይንከራተታል።

ድምፅን ካርቶን አያሰማም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም አያነብም። ቆርቆሮ ካሰባችሁ ከሥሩ ኮርኒስና የአየር ቦታ በሴክሽን ሞዴሉ ላይ ውፍረቱን አሳዩ፤ ኋላ ለበጀት ተብሎ የሚቀነሰው መጀመሪያ እሱ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ሞዴሉን ለሰው ስጡት

አሳዩ አላልኩም፣ ስጡ። የ1፡50ውን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ቀፎዎቹ አይጣበቁ። የወረቀት ሰዎቹን አጠገቡ አስቀምጡ። ከዚያ ዝም በሉ። ካብራራችሁ ሰዉ እናንተን ያያል፤ ዝም ካላችሁ ሞዴሉን ይነካል።

አንድ ጊዜ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ትንሹን የወረቀት ሰው አነሣች። እኔ ያዘጋጀሁላትን የልጆች ጥግ አልፋ፣ በመጨረሻው መደርደሪያና በግድግዳው መካከል የቀረችው ቀጭን ክፍተት ውስጥ አስገባችው። ሳልለካ የተረፈች ቦታ ነበረች። ለምን ብዬ ስጠይቃት እዚያ ሆና ማንበብ እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ ማንም አይረብሻትም። ያቺን ክፍተት ወደ 90 ሴ.ሜ. አሰፋኋት፤ ከላይዋ ትንሽ መስኮት፣ ከታችዋ ዝቅ ያለች መደብ አደረግሁላት። ሠራተኛው ከቦታው እንዲያያት ደግሞ አጠገቧ ያለውን መደርደሪያ አሳጠርኩት።

ለልጅ፣ ለመምህር፣ መጽሐፍ ቤት ለሚሠራ ሰውና ዓይናቸው ለደከመ ትልቅ ሰው ስጡት። አባቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ዱላዬንና ጋቢዬን የት አኖራለሁ? ሞዴላችሁ መልስ ካለው ጥሩ ነው።

9ኛ ደረጃ፦ ቅደዱ፣ ከዚያ ሣሉ

አሁን የተጠራቀሙትን ሞዴሎች ጀርባቸውን ገልብጣችሁ ጥያቄና መልሶቻቸውን አንብቡ። የማይስማሙ ይኖራሉ። ፀሐይዋ የደቡብ መደብ ትላለች፤ ሠራተኛው በሩን ከደቡብ ይፈልጋል። አንዱን ምረጡ። እኔ እንዲህ ሲጋጭ ለመቀመጫው አደላለሁ፤ በር በአንድ ደቂቃ ይታለፋል፣ መቀመጫ ላይ ግማሽ ቀን ይዋላል። የተሸነፈውን ሞዴል ፎቶ አንሡና ቅደዱት፤ ካርቶኑ ለሚቀጥለው ይሆናል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት፣ የብርሃኑንና የሴክሽኑን፣ አስቀሩ። ለግንበኛው ከፕላኑ ይልቅ ቶሎ የሚገባው እነሱ ናቸው። ከሞዴሉ ላይ በማስመሪያ ለኩ፣ በስኬሉ አባዙ፣ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ፕላን መሣል የምትጀምሩት አሁን ነው። መጀመሪያ የምታሰምሩት መስመር የመደቡ ጠርዝ ይሁን።